ባለሦስት ቁጥሩ ጎሳ

አባ ጂሎ ነገሌ ቦረና መናኸሪያ ፊት ለፊት ቆመው መኪና ሲያስቆሙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ሁሉንም አያስቆሙም። ታርጋው ላይ በክብ ውስጥ አረንጓዴ «3» ያለበትን ብቻ መርጠው ዱላቸውን ከፊቱ ይደቅናሉ። ሾፌሩ ይሰድባቸዋል፣ ረዳቱ ይስቅባቸዋል፣ መኪናውም አቧራውን አልብሷቸው ይሄዳል። በአገራቸው በዱብሉቅ ሰላም ሳይላቸው የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ግን «አካም» ብሎ መልስ የሚጠብቅ እንኳ አላገኙም።

በዚያ ረፋድ ያስቆሟት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ነበረች። መምህርቷ ረሆቦት የጦር ሰፈር ልጅ ናት፤ አልተሳደበችም፤ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና በቋንቋቸው ሰላም አለቻቸው።

«ናጋ፣ አባቴ? ምን አጠፋሁ?»

«ናጋ። አንቺ አላጠፋሽም፤ ጎሳሽ ነው ያጠፋው። ላሜን ወስዷል።»

«ጎሳዬ?»

«ይኸው ምልክቱ!» በዱላቸው ጫፍ «3»ቷን ነኳት። «የወሰዳት አይሱዙም ይኸው ምልክት አለበት። በእኛ ዘንድ አንዱ ካጠፋ ጎሳው ይጠየቃል። ከእናንተ ግን አንዱም ‹ወንድማችን ነው፣ እንጠይቅልህ› አላለኝም። ምን ዓይነት ጎሳ ነው?»

ረሆቦት ሳቋ መጥቶ ዋጠችው። አባ ጂሎ አይተዋታል፤ መዋጧን ግን ወደዱላት።

ለነገሩ አይፈረድባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከብት ገላ ላይ የተተኮሰ ምልክት እያዩ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ሲለዩ ኖረዋል፤ መንግሥት በቆርቆሮ ላይ ያተመውም ያው መሰላቸው። ድርቁ መንጋቸውን ፈጅቶ ዳለቲ የምትባል አንዲት ላም አስቀርቶላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ድምፃቸውን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። በነገሌ ዙሪያ ባለው በሊበን ሣር አለ ሲባል ነገሌ ከብት ገበያ እንዲያወርዳት ለአንድ አይሱዙ ሾፌር አደራ ሰጡት፤ ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር እሳቸው በአውቶቡስ ተከተሉ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በማግሥቱ ሲደርሱ መኪናውም ላሟም የሉም።

ይህን ሁሉ ለረሆቦት ነገሯት።

«ታርጋውን አልያዙትም?»

«ምን ያደርግልኛል? መልኩን አይቻለሁ! ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አንዴ ያየሁት ከብት ከሺህ መሀል አይጠፋኝም።»

«ከብት ነዋ፣ አባቴ። ፋብሪካ ግን መልካቸው አንድ የሆነ ሺህ መኪና ያወጣል። እስቲ እዚያ ይመልከቱ።»

መናኸሪያው ውስጥ ሦስት ቀያይ አይሱዙዎች ቆመዋል፤ የሁለቱ ግንባር ነጭ ነው። አባ ጂሎ አፈሩ።

«‹3› ጎሳ አይደለም፤ ሥራ ነው» አለች ረሆቦት። «ቀይ ‹1› ታክሲ ነው፤ ሰማያዊ ‹2› የግል፤ አረንጓዴው ‹3› ሰውም ጭነትም ጭኖ፣ ወይም እንደ እኔ አሠልጥኖ የሚነግድ፤ ጥቁር ‹4› የመንግሥት፤ ብርቱካናማ ‹5› የእርዳታ ድርጅት። ‹ኦሮ› የሚለው ደግሞ የተመዘገበበትን ክልል ይናገራል። እኔና ያ ሾፌር ቁጥራችን አንድ ቢሆንም አንተዋወቅም።»

«አንድ ምልክት ይዛችሁ አትተዋወቁም?»

«አንተዋወቅም።»

«ብቸኞች ናችኋ» አሉ አባ ጂሎ ከልባቸው አዝነው። ረሆቦት መሬት መሬቱን አየች። አባቷ ወደ ሌላ ጦር ከተዛወሩ ወዲህ በኪራይ ክፍሏ ብቻዋን ነበረች።

«መኪናውን ከሌላው የሚለዩት ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ናቸው» አለች።

«ቁጥር አልወድም። እኛ ከብት አንቆጥርም። የተቆጠረ ያልቃል።»

«ሳይቆጠርስ አላለቀም?»

አባ ጂሎ ፊታቸውን አዞሩ። ረሆቦት ደንግጣ ይቅርታ ለመነቻቸው፤ ቀስ ብላም ቀጠለች።

«ይህ ስንት እንደሆኑ አይናገርም፣ አባቴ፤ የትኛው እንደሆነ ነው የሚናገረው። አንቱ ላሟን ‹ዳለቲ› ሲሏት ቆጠሯት?»

«ጠራኋት እንጂ!»

«ይህም መጠሪያ ነው። ሾፌሩ ቢቀየር፣ መኪናው ሌላ ቀለም ቢቀባ፣ መዝገብ ላይ በዚህ ስሙ ይገኛል።»

አባ ጂሎ ቁጢጥ ብለው በዱላቸው ጫፍ አቧራው ላይ ይስሉ ጀመር። ማንበብ አያውቁም፤ ምልክት የለመደ ዓይናቸው ግን ከ«3» ቀጥሎ ያየውን ሁሉ ይዞት ነበር። ጥቅም የለውም ብለው ስለናቁት ለማንም አልተናገሩትም እንጂ። ረሆቦት ከትከሻቸው በላይ ሆና እያንዳንዱን አሃዝ ጮክ ብላ አነበበች፤ አምስት ነበሩ።

ተያይዘው ወደ ትራፊክ ፖሊስ ሄዱ። በመዝገብ ሲፈለግ የመኪናው ባለቤት ከነገሌ ወዲያ ባለችው በወደራ ከተማ የሚኖር ናስር የሚባል ነጋዴ ሆኖ ተገኘ፤ ተደወለለት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ናስር። «ነገሌ የሚረከባት ሰው ጠፍቶ ነው ሾፌሩ ወደዚህ ያመጣት። የባለቤቷን ስም እንኳ አልያዘም። ቶሎ ይምጡ እንጂ፤ ሣር አትነካም።»

አባ ጂሎ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ከጆሮዋ አስጠጋልኝ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ፣ «ዳለቲ… ዳለቲ…»

ከወዲያ ማዶ ረጅም እምቧታ መጣ። አባ ጂሎ አለቀሱ። ሽማግሌ አያለቅስም የሚል ካለ፣ ሲጣራ የሚመልስለት ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«አራት ቀን ንጹሕ ሰው ስረግም ሰነበትኩ» አሉ ሲወጡ። «እርግማኔን አንስቻለሁ።»

«ታርጋ ለዚህም ይጠቅማል» አለች ረሆቦት። «አደራ የሰጠ ንብረቱን ያገኝበታል፤ ገጭቶ የሸሸ ይያዝበታል፤ ያላጠፋ ሾፌርም በሌላው ጥፋት አይጠረጠርም። ማንበብ የማይችል ሰው ንብረቱን ሲያስጭን ታርጋውን ያስጽፈው፤ የሚጽፍለት አያጣም።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ወደራ በሚሄደው ሚኒባስ አሳፈረቻቸው። ከጎናቸው ፍየሏን ከላይ አስጭና የገባች ሴት ተቀምጣለች። አባ ጂሎ ጥቂት አዩዋትና እጇን ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ሳይነሣ ውረጂና ከኋላው ያለውን ታርጋ እይው።»

«ማንበብ አልችልም፣ አባ።»

«እኔም አልችልም። ፍየልሽን ይዞ ጥሎሽ ቢሄድ ግን ምን ብለሽ ትጠሪዋለሽ?»

ሴትዮዋ ወረደች።