በአንድ ሰው ኪስ የቀረው ማስጠንቀቂያ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው ክር ሊገዙ ሲሻገሩ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አንዲት ነርስ ተቀምጣ አገኙ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ወደ ቤቷ መሄዷ ነው። የአገራቸው ልጅ ናት፤ አባቷንም ያውቁታል። ብድግ ብላ እጅ ነሳችና ቦታ ለቀቀችላቸው። እሳቸውም አልተግደረደሩም፤ ዕድሜ ልኩን ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ወገብ ይሉኝታ አያውቅም።

ጥቂት እንደተጨዋወቱ ስልካቸው ጮኸ። አነበቡትና ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት። ነርሷ ድምፁን ለይታ አወቀችው። በውጭ የሚኖሩ ዜጎች አደጋ ሲያሰጋቸው ኤምባሲው የሚልከው ማስጠንቀቂያ ነው። የእሷ ስልክ ግን ዝም ብሏል። ኤምባሲው ስልካችሁን አስመዝግቡ ባለ ጊዜ በሰፈሩ ያሉ የአገራቸው ሰዎች፣ «እኛ ምን እናውቃለን፣ እሳቸው ይንገሩን» ብለው ሁሉም የልብስ ሰፊውን ቁጥር ሰጥተዋል። አባቷም ከነቤተሰቡ የተመዘገበው በእሳቸው ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «አንቴናው» ይላቸዋል።

ምን እንደሚል ብትጠይቃቸው፣ እንደ ወትሮው ነው አሏት። ደግማ ብትለምናቸው ምክንያታቸውን ነገሯት። አንድ ጊዜ ጎርፍ ይመጣል የሚል መልእክት ደርሷቸው ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሱ። ሰው ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ፤ ጎርፉ ግን በሌላ በኩል አለፈ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባካፋ ቁጥር መሳቂያ ሆኑ። እንግዲህ የሚመጣውን ሁሉ ራሳቸው አጣርተው፣ ይበቃል ያሉትን ብቻ ይናገራሉ።

«ልጄ፣ በሰው አገር የሚኖር ሰው መቼም ልቡ እንደተንጠለጠለ ነው» አሉ። «እኔ እያንዳንዷን ባወራ እንቅልፍ የሚወስደው አይገኝም። ስለዚህ እኔ እደነግጥላቸዋለሁ።»

ይህን ሲሉ እውነታቸውን ነበር፤ መድከማቸውም ከፊታቸው ያስታውቃል። ክፉ ወሬ መደበቅ እንደ ደግነት በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ሰው ከዚህ የተለየ ሊያስብ ይቸግረዋል። ይሁንና ደግነት ዕውቀት ሲጎድለው የሚያደርሰው ጉዳት ከክፋት አያንስም።

«አባባ፣ በደግነትዎ አልከራከርዎትም» አለች ነርሷ። «ግን የሚያስቀሩባቸው ድንጋጤውን ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚመርጡበትንም ጊዜ ነው። መልእክቱ ፍሩ አይልም፤ በዚህ አትሂዱ ነው የሚለው። ሳይመጣ የቀረ ጎርፍም ተመስገን ይባልለታል እንጂ ውሸት አይባልም። እኛ አልጋው አጠገብ ኦክስጅን የምናቆመው በሽተኛው ይሞታል ብለን አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ሁሉ ሰው እንዳንቺ አልተማረም።»

«ማንበብ የማይችል ያስነብባል። ለመሆኑ የዛሬው ምን ይላል?»

ስልኩን አውጥተው ሰጧት። ሁለት መልእክት ነበር። ማለዳ የመጣው፣ መሀል ከተማ ረብሻ ሊነሳ ስለሚችል ወደዚያ አትሂዱ ይላል። አሁን የመጣው ደግሞ፣ መንገዶች ተዘግተዋልና እዚያ ያላችሁ ከህንጻ አትውጡ ይላል። ከእኛ ሰው ዛሬ ወደዚያ የሄደ አለ ወይ አለቻቸው። አዛውንቱ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ባለቤታቸው መሀል ከተማ ቢሮ ታጸዳለች። የማለዳው መልእክት ሲመጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። አነበቡት፤ እሷን አዩ፤ ዝም አሉ።

«ደም ግፊት አለባት» አሉ። «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«መድኃኒታቸውን ይዘዋል?»

ለምሳ ትመለሳለች ተብሎ ቤት ቀርቷል። ነርሷ አሁኑኑ እንዲደውሉ ነገረቻቸው።

ሚስት ስልኩን አነሳችና ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አለች። ባል እንደምንም ብለው፣ መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ ሰማሁ አሉ።

«ታዲያ ከሰማህ ምን እደብቅሃለሁ» አለች ሚስት። «ቢሮ ከገባን ጀምሮ ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነን። ራሴን ያመኛል። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ልብስ ሰፊው ደማቸው ፈላ። እንዴት እኔን ትደብቂኛለሽ፣ እኔ ሰው አይደለሁም ወይ ብለው ጀመሩና መሀል ላይ አፋቸው ተያዘ። የእሳቸው ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ እንዲህ እንደሚያም አያውቁም ነበር።

ነርሷ ስልኩን ተቀብላ ሚስትየዋን የሚሰማትን ጠየቀች፤ ውሃ እንድትጠጣ፣ ደረጃ እንዳትወጣ መከረች። ከመልእክቱ ግርጌ ባለው የእርዳታ ቁጥርም ደውላ ለኤምባሲው አስታወቀች። ኤምባሲውም ሐኪም ልኮ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ እስኪከፈት ሊያልፍ አልቻለም። አመሻሽ ላይ መንገዱ ሲከፈት ሚስት በመኪና መጣች፤ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ በሰው ተደግፋ ወረደች። መድኃኒቷን ከዋጠች በኋላ ባል ሁሉንም ነገሯት።

«ጫማዬን ሳስር አይተኸኝ ነው ዝም ያልከው?»

«አዎ።»

«ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ግን አትፍራልኝ፤ ንገረኝ። ብትነግረኝ እኮ አልሄድም ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለእሳቸው እንደሆነ ገባቸው።

በዕረፍት ቀን ከነርሷ ጋር በየቤቱ ዞሩ። በመጀመሪያ የሚስታቸው፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱ ሰው ስልክ በየራሱ ስም ተመዘገበ። አንቴናው ሥራ ሊለቅ ነው ወይ እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ አዎ፣ ደከመኝ አሉ። በማያውቁት አገር የሚኖር ወይም የሚጓዝ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያው ለራሱ ሊደርሰው ይገባል። በጊዜ የሰማ መንገዱን ይለውጣል፣ መድኃኒቱን ይይዛል፣ የት እንዳለ ስለሚታወቅም ፈላጊ አያጣም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኃይለኛ ነፋስ እንደሚመጣ ሲነገር ስልኩ በየቤቱ ጮኸ። ማንም አልተንጫጫም። አንዱ ጉዞውን አስተላለፈ፣ ሌላው ሰገነት ላይ ያለውን ዕቃ አስገባ። ልብስ ሰፊው የሚያጣሩት ነገር አልነበራቸውም፤ የራሳቸውን መስኮት ብቻ ዘግተው ተኙ።