ያንን ሌላውን ቢመርጡ ኖሮ

ሳን ሆዜ ስታዲየም ውስጥ ከአጎቴ ጋር የበረዶ ሆኪ እያየን ነው። ክለባችን በድራፍት፣ ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ከሁሉም አስቀድሞ የመረጠው ልጅ ባዶ ጎል ሳተ። ብድግ ብዬ «ምነው ያኔ ያንን ሌላውን በመረጡ!» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ያኔ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እሳቸውም ከሁለታችን ወንድማማቾች አንዳችንን ብቻ ወደ አሜሪካ ማምጣት ሲችሉ፣ ጎበዙን ተማሪ ወንድሜን ትተው እኔን መርጠዋል። እኔ ደግሞ ሃይስኩሉን ድሮፕ አድርጌ ኦክላንድ ውስጥ እዞራለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ... ይጸጽትዎታል?»

ዓይናቸውን ወደ በረዶው ሜዳ መለሱ። «አንዳንድ ቀን፣ አዎ» አሉኝ። «ግን ወንድምህ ቢሆን ዛሬ ቤት ቁጭ ብሎ ያጠና ነበር፤ እኔም እዚህ ለብቻዬ ነበርኩ። በል ቁጭ በል፣ ከለልከኝ።»