ነጠላ ውስጥ የተሸሸገው ዲግሪ

ነገሩ ለአስናቀች የታወሳት ነጠላው ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው። በሸማ ተራ ነጠላ ሲታጠፍ ጥለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ነው፤ ገዢ የሚያየው ጥለቱን ነውና። አሁን ለአንድ ሽማግሌ የሸጠችው ግን ጥለቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። እንዲያ አድርጋ ያጠፈችው ጠዋት ራሷ ናት፤ ከሌሎቹ እንዲለይላት። በመካከሉ የልጇ የሩታ ጊዜያዊ የሕግ ዲግሪ ነበረበት።

ከሱቋ ወጥታ ግራ ቀኙን አየች። የበዓል ሰሞን ነው፤ ሽማግሌው ከግፊያው ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል።

ዲግሪውን የሸሸገችው እርሷው ናት። ሩታን ሁለት ቦታ ፈልገዋታል። አንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ለሕግ ክፍሉ መርጧት ሰኞ ዋናውን ማስረጃ ይዛ እንድትቀርብ ነግሯታል። አንድ የግል ጠበቆች ቢሮ ደግሞ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ይህንኑ ይዛ እንድትመጣ ይጠብቃታል። ልጅቱ ልቧ ከጠበቆቹ ዘንድ ነው። እናትየዋ ቅዳሜ እስኪያልፍ ብቻ ብላ ወረቀቱን ሰወረችው፤ ሰኞ ሲነጋ ከአልጋ ሥር ያገኘችው መስላ ልትሰጣት ነበር። አሁን ግን ቅዳሜም ሰኞም አንድ ላይ ሊቀሩ ነው።

ሱቁን ለጎረቤቷ ለሁሪያ አደራ ብላ ስትሮጥ፣ ነገሩን የሰማችው ሁሪያ ከኋላዋ፣ «አስኑ፣ ሰው መቀነት ይመርቃል እንጂ ዲግሪ ይመርቃል?» አለቻት። አስናቀች መሳቅ አልቻለችም። በጋሪዎቹ መካከል እየተሽሎከለከች፣ የተሸካሚውን «ዞር በሉ» በትከሻዋ እየተቀበለች እስከ ጎጃም በረንዳ ደረሰች። ጥቁር ፌስታል የያዘውን ሽማግሌ ሁሉ ፊት ፊቱን አየች። ሰውየው አውቶቡስ ተሳፍረው አገራቸው ሲገቡ ታያት፤ የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን ሲቀድ፣ ሩታም ዕድሜ ልኳን ሥራ ፈትታ ስትረግማት። የሚመጣውን ክፉ ነገር አስቀድማ ማየት የለመደች ሴት ነበረች።

ባዶ እጇን ስትመለስ ሽማግሌውን ከሱቋ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፌስታሉ ጭናቸው ላይ ነው።

«እመቤት፣ ነጠላ ብገዛ የሕግ ባለሙያ ጨምረው ሰጡኝ» አሉ። ለታክሲ ተሰልፈው ሳሉ ጥለቱን ለማየት ቢገልጡት ወረቀቱን አግኝተውት ነው የተመለሱት።

አስናቀች እግራቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። ለምን ነጠላ ውስጥ እንደገባ ሲጠይቋት እንዳይቆሽሽ ብላ መሆኑን ተናገረች። ሰውየው ፈገግ አሉና ስማቸው ይገረም እንደሚባል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ድርጅት ነገረ ፈጅ ሆነው ውል ሲያረቁና ፍርድ ቤት ሲቆሙ ኖረው ጡረታ እንደ ወጡ፣ ሐሰተኛ ምስክርም ብዙ እንደ ሰሙ ነገሯት። ያን ጊዜ እውነቱን አወጣችው።

«እንግዲያማ እግዜር ነው የላከዎት፣ ጋሼ» አለች። «ልጄን ይምከሩልኝ። ጠበቃን ያሸነፈለት ሰው ወዲያው ይረሳዋል፤ በእርሱ የተሸነፈው ሰው ግን እስከ መቃብር አይረሳውም። መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ባሌ የመንግሥት ድርጅት ሾፌር ነበር። ሩታ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው የሞተው። ያስተማራት ጡረታው ነው፤ የሞተ ሰው ደመወዝ። ከግል ጠበቃ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል?»

«የመንግሥትን እንጀራ አልነቅፈውም፤ እኔም በልቼዋለሁ» አሉ ጋሼ ይገረም። «ደመወዙ ቀን አያዛንፍም፤ ወጣትም ትልልቅ ውል አይቶ ይማርበታል። ግን ደንበኛዬ አንድ ብቻ ነበር። አለቃ በተለወጠ ቁጥር የሕግ አስተያየቴም እንዲለወጥ ይፈለግ ነበር። ሁለት ጊዜ ያላመንኩበትን ፈርሜያለሁ። ስለ አንዱ ስድስት ወር መርማሪ ፊት ተመላለስኩ። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ደግሞ ከዘጠኝ ነገረ ፈጆች አራት ቀረን። እዚያም ፍርሃት አለ፣ እመቤት፤ ወንበሩ ስለሚያምር አይታይም እንጂ።»

አስናቀች ይህን ከቶ አስባው አታውቅም። አዲስ ፍርሃት በአሮጌው ላይ ተጨመረባት፤ ልጇን የምታስቀምጥበት ቦታ ያለቀባት መሰላት።

ሽማግሌው ግን አልተዉአትም። ለግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ሕግ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሆነው፣ ጠበቆችም ዛሬ ተሰባስበው ድርጅት ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ሩታ የጥብቅና ፈቃድ እስክታወጣ በአዋቂዎች ሥር እንደምትሠራ አስረዷት። ካልሆነላትም ልምዷን ይዛ ወደ መንግሥት ድርጅት መሄድ ትችላለች። «እኔ ብሆን» አሉ፣ «ውሏን በጽሑፍ ትቀበል፣ ጡረታ እንዲያስመዘግቧት ትጠይቅ፣ ማን እንደሚያሠለጥናት ትወቅ እላለሁ። ከዚያ የምትመርጠው እርሷ ናት።»

«ክፉ ቢያገኛትስ?»

«ይፍሩላት፤ እናት ነዎት። ፍርሃትዎን ግን ይንገሯት እንጂ ወረቀቷን አይደብቁባት። የፍርድ ቤት የመጀመሪያው ነገር ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚል ነው። እርስዎ ልጅዎን ሳይሰሙ ፈረዱባት።»

ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ እንልክና ሲመለሱ ያወቁትን ከደጅ አውልቀው እንዲገቡ እንፈልጋለን። አስናቀችም አንገቷን ደፋች። ነጠላውን ተቀብላ፣ ወረቀቱን አስቀርታ፣ ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጋ እንደ ወጉ አጥፋ መለሰችላቸው። መርቀዋት ሄዱ።

ተራው ጭር ማለት ሲጀምር ሩታ መጣች። ፀጉሯ የሣጥን አቧራ ይዟል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እማ፣ አልጋውን ሁሉ ገለበጥኩት። የለም።»

አስናቀች ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። «እኔ ነኝ የደበቅኩት» አለች።

ልጅቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየች። «ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«እምቢ ትይኝ ነበር።»

«እምቢ እልሽ ነበር። ግን ምክንያቴን እነግርሽ ነበር። አባባ ሲሞት ጡረታውን ለማስጨረስ ስንት ወር ተመላለስሽ? እጄን ይዘሽኝ ነበር። ቢሮ ለቢሮ ነገ ነይ ሲሉሽ የሚናገርልሽ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ እንደዚያ ለቆመ ሰው መናገር ነው የምፈልገው።»

አስናቀች ያን ጊዜ ልጅቱ ተኝታ ነበር ብላ ታስብ ነበር፤ በየወንበሩ፣ በየኮሪደሩ፣ ጭኗ ላይ። ለካ ታይ ኖሯል።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «አልገባም፤ ደጅ እጠብቅሻለሁ። ውሉን በጽሑፍ ጠይቂ። ጡረታ እንደሚያስመዘግቡሽ ጠይቂ። ማን እንደሚያሠለጥንሽም።»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«አንድ ነጠላ የገዙ ሰው።»

ሩታ ሳትወድ ሳቀች። ፍርሃቱ ከአስናቀች ሆድ አልወጣም፤ እንደማይወጣም ታውቃለች። አሁን ግን ለሁለት ይዘውታል። የተረፈውን ሸማ አስገብተው የብረቱን በር አብረው ሳቡት፤ ቁልፉን ለልጇ ሰጠቻት። ሩታ ቆለፈች። አስናቀች ሁልጊዜ ማታ ጓጉንቸሩን ሦስት ጊዜ ሳትጎትት አትሄድም ነበር። ወደ ጓጉንቸሩ እጇን ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው።