የሞተው ራውተርና ያልወጣው ስም

ደብረ ብርሃን፣ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሳሎን፤ ተከራያቸው ልሳነወርቅ ሆዱ የተከፈተ የኢንተርኔት ራውተር ፊት ተንበርክኳል፣ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ከበላዩ ቆመዋል።

ዘርፈሽዋል፦ ተነስ ብዬሃለሁ! አስታመህ ጨርሰሃል፣ አሁን የቀረን ለቅሶ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አልሞተም እትዬ።

ዘርፈሽዋል፦ መብራት የለው፣ ትንፋሽ የለው፣ ቀዝቅዟል። ሟቹ ባለቤቴ እንኳ ሲያርፍ ከዚህ የተሻለ ሙቀት ነበረው።

ልሳነወርቅ፦ ራሱን ስቶ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ማን አሳተው?

ልሳነወርቅ፦ እሱን ባናነሳው ይሻላል።

ዘርፈሽዋል፦ እናንሳው እንጂ! ጠዋት አራቱን አረንጓዴ መብራት ቦግ አድርጎ የሚያበራ ጤነኛ ራውተር ነው ያስረከብኩህ። ድመቴ እንኳ ስለሚሞቅ ከላዩ ነበር የምትተኛው። ቅድም መጥታ አሽትታው ሄደች።

ልሳነወርቅ፦ የጠየቁኝ እኮ እርስዎ ነዎት። «የመሐል ክፍሉ ተከራይ ኢንተርኔቱን ብቻውን ይጨርሰዋል፣ ለእያንዳንዳችሁ እየቆነጠረ የሚያድል አድርግልኝ» አላሉም?

ዘርፈሽዋል፦ እንዲያድል አልኩህ እንጂ ግደለው አልኩህ?

ልሳነወርቅ፦ ፋብሪካው የጫነበት ሶፍትዌር ማደል አይችልበትም። ስለዚህ እሱን አንስቼ ሊኑክስ ልጭንበት ነበር።

ዘርፈሽዋል፦ ሊኑክስ ማነው ደግሞ?

ልሳነወርቅ፦ ሰው አይደለም፣ ሶፍትዌር ነው። በነጻ የሚገኝ፣ ማንም ከፍቶ አይቶ እንደፈለገ ሊያስተካክለው የሚችል።

ዘርፈሽዋል፦ ማንም የሚነካካውማ መጨረሻው ይኸው ነው።

ልሳነወርቅ፦ እስቲ ያስቡት፤ ሳጥኑን የገዙት እርስዎ፣ የሚያዝበት ግን ፋብሪካው። ይኸ አያናድድም?

ዘርፈሽዋል፦ እኔ ይኸን ግቢም ገዝቼዋለሁ፤ የምታዙበት እናንተ ተከራዮቹ ናችሁ። ተናድጄ ግን ጣራ ሳፈርስ አይተኸኛል?

ልሳነወርቅ፦ ሊኑክሱ አይደለም ያበላሸው። ቡትሎደሩ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ቁጥራቸው በዛ። እሱስ ማነው?

ልሳነወርቅ፦ ራውተሩ ገና መብራት ሲያገኝ ከሁሉ ቀድማ የምትነቃ ትንሽዬ ፕሮግራም ናት። «አንተ ራውተር ነህ፣ ሥራህ ይኸ ነው፣ በል ተነስ» የምትለው እሷ ናት። እሷ ከጠፋች ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆን አይነሳም።

ዘርፈሽዋል፦ እኔን ጠዋት ጠዋት ማን እንደሆንኩ የሚነግረኝ ጉልበቴ ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ለምን ትነካለህ?

ልሳነወርቅ፦ አሮጌው ቡትሎደር ሊኑክሱን አላስገባም ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በሌላ ልተካው ጀመርኩ። አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ግማሽ ሲደርስ መብራቱ ደብዘዝ አለ።

ዘርፈሽዋል፦ ይኸው! ጥፋተኛው መብራቱ ነዋ።

ልሳነወርቅ፦ መብራቱማ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ራውተሩም ችሎት ነበር። ከዚያ እርስዎ ከጓዳ ሮጠው መጡ።

ዘርፈሽዋል፦ በዚህ ጉልበት አልሮጥኩም።

ልሳነወርቅ፦ እንዴት እንደደረሱ እንጃ፣ ብቻ ደረሱ። ራውተሩም ፍሪጁም የተሰኩበትን ማከፋፈያ ከነገመዱ ከግድግዳው ነቀሉት።

ዘርፈሽዋል፦ መብራት ሲያጣጥር ሶኬት የማይነቅል ማን አለ? ውጣና ሰፈሩን ጠይቅ! ፍሪጄ ይቃጠልልህ? ሟቹ ከናዝሬት በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣው ፍሪጅ?

ልሳነወርቅ፦ የፍሪጁን ብቻ ቢነቅሉት እኮ…

ዘርፈሽዋል፦ ሁሉም ሶኬት ነጭ ነው። ቤት ሊቃጠል ሲል ሽቦ አላማርጥም።

ልሳነወርቅ፦ መመሪያው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «በመሐል መብራት እንዳይቋረጥ»።

ዘርፈሽዋል፦ መብራት ነው ያለው፤ ዘርፈሽዋል አላለም። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ስምንት ተኩል አለፈ። ምንድነው ግን ዛሬ? ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ይላሉ።

ዘርፈሽዋል፦ አርባ ምንጭ ያለችው ልጄ፣ ትርሲት፣ ዛሬ ልጇን ክርስትና አስነስታለች። ሐኪሙ በዚህ ጉልበት አውቶቡስ እንዳትወጪ ብሎ አስሮኝ ነው እንጂ ይኸን ጊዜ እዚያ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ቁጭ ብሎ ስም ይወጣላታል። በዚች በታብሌቷ ብቅ ካልኩ እኔ አወጣለሁ፤ ካልታየሁ የትርሲት አማት፣ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ታወጣለች።

ልሳነወርቅ፦ ታውጣ፣ ምን አለበት?

ዘርፈሽዋል፦ ምን አለበት? ምን ልትላት እንዳሰበች ታውቃለህ? ኤልናታ።

ልሳነወርቅ፦ ያምራል እኮ።

ዘርፈሽዋል፦ ሽቶ ነው የሚመስለው።

ልሳነወርቅ፦ እርስዎስ ምን ሊሏት ነው?

ዘርፈሽዋል፦ እልፍነሽ።

ልሳነወርቅ፦ እልፍ… ነሽ?

ዘርፈሽዋል፦ ምነው፣ አልጣመህም?

ልሳነወርቅ፦ ኧረ ጥሩ ነው። ጠንካራ ስም ነው። ለመሸከም ትንሽ ትከሻ ይፈልጋል እንጂ።

ዘርፈሽዋል፦ አንተስ ልሳነወርቅ ተብለህ፣ አንድ ቀን የረባ ነገር ሳትናገር ይኸው ኖረህ የለም እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ በስልክ ደውለው ቢነግሯቸውስ?

ዘርፈሽዋል፦ ባለፈው ሳምንት በዚች ባለቁልፍ ስልኬ ለአማቷ ነገርኳት። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም» ብላ ዘጋችው፤ እኔ ግን ከጓሮዋ የዶሮዋ ጩኸት ሳይቀር ይሰማኛል። ዛሬ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ፊቴን እያየች አልሰማሁም ትበልና እስቲ እንያት። ይልቅ ስልክህን አምጣና ከታብሌቱ ጋር አገናኝልኝ። የመሐል ክፍሉ ልጅ ሲያደርገው አይቻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ የኔ ስልክ… ባለፈው ወር…

ዘርፈሽዋል፦ ባለፈው ወር ምን?

ልሳነወርቅ፦ ሌላ ሶፍትዌር ልጭንበት ብዬ…

ዘርፈሽዋል፦ እሱንም! አንተ ልጅ ቀባሪ ነህ እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ እሱ ይነሳል፤ አንድ ዕቃ እየጠበቅኩለት ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ምጽአትን በለኛ! የመሐል ክፍሉስ?

ልሳነወርቅ፦ ኢንተርኔቱ ሲጠፋበት ተሳድቦ ወጣ። ጎረቤት ቢጠይቁስ?

ዘርፈሽዋል፦ ማንን? በአጥር ወሰን የከሰሰችኝን ሴትዮ? በሯን አንኳኩቼ «ዋይፋይ ስለማርያም» ልበላት? እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ፤ ብትሰጠኝ ደግሞ ይብስ ነው። ስማኝ ልሳኑ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይኸ ሳጥን ካልነቃ፣ ነገ ዕቃህን ጠቅልለህ ሊኑክስ ጋ ትከራያለህ።

ልሳነወርቅ፦ አንድ መንገድ አለ።

ዘርፈሽዋል፦ እስካሁን የት ደብቀኸው ነበር?

ልሳነወርቅ፦ እነዚህ ሰሌዳው ላይ ያሉት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ይታይዎታል? በነሱ በኩል ቡትሎደሩን ከላፕቶፔ በቀጥታ ላጎርሰው እችላለሁ። ግን ሽቦ መበየድ ነበረብኝ፣ የመበየጃ ካውያዬ ደግሞ…

ዘርፈሽዋል፦ ሊኑክስ ጫንክበት?

ልሳነወርቅ፦ ተቃጠለ። ሽቦዎቹን በስፌት መርፌ ላይ ብጠመጥማቸው፣ አንድ ሰው መርፌዎቹን ነጥቦቹ ላይ ቢይዝልኝ ይሠራል። አንዱን ሽቦ ብረቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አስረዋለሁ፤ ሁለቱ ናቸው እጅ የሚፈልጉት። እኔ ላፕቶፑን መያዝ አለብኝ።

ዘርፈሽዋል፦ አምጣ መርፌውን።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ ፀጉር ታህል መንቀሳቀስ አይቻልም። አንዴ ከተንሸራተተ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ይኸን ራውተሩ ይለብሰው የነበረውን ልብስ ማን የሠራው መሰለህ? ዳንቴል ስሠራ ነው ያረጀሁት። መነጽሬን አቀብለኝ።

ልሳነወርቅ፦ ልብሱንም ለመናገር ያህል… ራውተር ልብስ አይለብስም። በሙቀት ነው የሚንቀራፈፈው።

ዘርፈሽዋል፦ ደብረ ብርሃን ላይ ራቁቱን ይቀመጥልህ? ይነዝራል?

ልሳነወርቅ፦ ዝንብም አይነዝር። አንዱን እዚህ… ሁለተኛውን እዚህ። ጎሽ። አሁን ላበራው ነው። … መጣ! እትዬ፣ እያወራኝ ነው!

ዘርፈሽዋል፦ ምን አለህ?

ልሳነወርቅ፦ አንዲት ፊደል ናት ደጋግሞ የሚልከው። «የሚያጎርሰኝ አለ ወይ» እንደማለት ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ታዲያ አጉርሰው እንጂ ምን ያስቅሃል!

ልሳነወርቅ፦ እየሄደ ነው። በዚህ በኩል ሲሆን ቀስ ይላል፤ ይታገሱት። ከፈለጉ ያውሩ፣ እጅዎ ብቻ እንዳይናገር።

ዘርፈሽዋል፦ ምን አወራለሁ?

ልሳነወርቅ፦ እልፍነሽ ማን ነበሩ? እናትዎ?

ዘርፈሽዋል፦ ማንም አይደለችም። እንደዚህ የምትባል ሰው ኖራ አታውቅም። ለትርሲት ያሰብኩት ስም ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ትርሲት ከየት መጣች?

ዘርፈሽዋል፦ ከባሌ እናት። እኔ ጓዳ መጋረጃ ተጋርዶብኝ አራስ ተኝቻለሁ። እሳቸው ሳሎን ላይ «ትርሲት ብያታለሁ» አሉ። ሰዉ እልል አለ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ እልል አልኩ።

ልሳነወርቅ፦ እርስዎ? ዝም ብለው?

ዘርፈሽዋል፦ ምን ላድርግ? ጡት አፏ ውስጥ ነው፣ ተነስቼ ልፎክር? እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻችንን ስንሆን እልፌ እያልኩ ነበር የማጠባት። ትሰማኛለች ደግሞ፣ ጡቱን ትታ ቀና ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ትርሲት ብዬ ስጠራት ለረጅም ጊዜ የሌላ ሰው ልጅ የምጠራ ይመስለኝ ነበር። … አላለቀም እንዴ ይኸ ነገር?

ልሳነወርቅ፦ ከግማሽ አልፏል። እትዬ…

ዘርፈሽዋል፦ ምን?

ልሳነወርቅ፦ መብራቱ።

ዘርፈሽዋል፦ አየሁት።

ልሳነወርቅ፦ በጣም ደብዝዟል። ፍሪጁም እያጓራ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ እሰማለሁ፣ አልደነቆርኩም።

ልሳነወርቅ፦ ተነስቼ ሶኬቱን ልንቀለው?

ዘርፈሽዋል፦ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?

ልሳነወርቅ፦ ነጩ…

ዘርፈሽዋል፦ ቁጭ በል!

ልሳነወርቅ፦ ኧረ ሟቹ ከናዝሬት ያስመጡት ፍሪጅ…

ዘርፈሽዋል፦ ሟቹም ያን ቀን ሳሎን ተቀምጦ አጨብጭቧል። ይቃጠል! ሥራህን ሥራ!

ልሳነወርቅ፦ ትንሽ ቀረው… ትንሽ…

ዘርፈሽዋል፦ አፍንጫዬን በላኝ።

ልሳነወርቅ፦ እንዳይነኩት!

ዘርፈሽዋል፦ በምኔ ልንካው? አንተ እከክልኝ።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ!

ዘርፈሽዋል፦ እከክ ብዬሃለሁ። በግራ በኩል። ከፍ አድርገህ። … እፎይ። እናትህ ትባረክ።

ልሳነወርቅ፦ አለቀ! ይልቀቁት፣ ይልቀቁት! ቡትሎደሩ ነቅቷል፣ መብራቱም ተመለሰ። አሁን ሊኑክሱን በወፍራሙ ገመድ ላቀብለው፤ ይኸኛው ሩጫ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ ፍሪጁስ?

ልሳነወርቅ፦ ያጓራል። በሕይወት አለ።

ዘርፈሽዋል፦ እሱም ወሬ ሲሰማ ነበር። በል በል፣ ሰዓቱ!

ልሳነወርቅ፦ ገባ። እየተነሳ ነው… አረንጓዴ!

ዘርፈሽዋል፦ አንድ ብቻ ነው እኮ፤ አራት ነበሩ።

ልሳነወርቅ፦ የቀሩት ለታይታ ነበሩ። ታብሌቱን ያምጡ። ለጊዜው የይለፍ ቃል አላደረግኩበትም።

ዘርፈሽዋል፦ ምን? ያቺ የአጥሯ ሴትዮ በነጻ ልትጠጣ?

ልሳነወርቅ፦ ሲጨርሱ እቆልፈዋለሁ፣ ዘጠኝ ሞልቷል እኮ! ይኸው ደወልኩ። ይጠራል።

ዘርፈሽዋል፦ ነጠላዬ ደህና ነው?

ልሳነወርቅ፦ ደህና ነው። አነሱት! እየታዩ ነው፣ ያውሩ።

ዘርፈሽዋል፦ እሰይ፣ እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ኧረ ሰዉ ብዛቱ! ወይዘሮ በላይነሽ፣ እንዴት ከረሙ? … እኔማ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ። እርስዎስ፣ ዛሬ ይሰማዎታል?

ልሳነወርቅ፦ እትዬ፣ ነገሩን አያርዝሙት። ሁሉም እርስዎን ነው የሚጠብቁት። ይበሉት እንጂ!

ዘርፈሽዋል፦ ትርሲት የታለች?

ልሳነወርቅ፦ ያችውልዎት፣ ከኋላ፣ በሩ ጥግ። ሕፃኗን እያጠባች ነው። ሰዎቹ ጋርደዋት ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

ዘርፈሽዋል፦ … አየኋት።

ልሳነወርቅ፦ እትዬ? ምነው? ኧረ ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ነው፣ ሊቀድሙዎት ነው!

ዘርፈሽዋል፦ ይቆዩ ወይዘሮ በላይነሽ፣ እርስዎም ይቆዩ፣ እኔም ልቆይ። እናንተ ወዲያ በሉና ልጄን አሳዩኝ። ትርሲትዬ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ጡት ስትሰጫት፣ ማን እያልሽ ነው የምትጠሪያት?