ቆቃ ላይ አልስብ ያለው ሬዲዮ

አንዲት እናት በኮንትራት ይዤ ከአዳማ ወደ መቂ ልወጣ ስል፣ ልጃቸው ወደ መስኮቴ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሟ ትንሽ አሞታል ብለናታል፤ መርዶውን እዚያ ስትደርስ ይነግሯታል። የቀብሩ ማስታወቂያ በሬዲዮ ስለሚነገር አደራ፣ እንዳትከፍት» አለኝ። እኔ ደግሞ ውሸት አልችልበትም።

ቆቃ ስንደርስ፣ «ልጄ፣ እስቲ ሬዲዮውን ክፈተው፣ ዝምታው ከበደኝ» አሉኝ።

«እዚህ አካባቢ አይስብም እማማ፣ ዝም ብሎ ይንሿሿል» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ሬዲዮ የሚቆራረጠው ገና ወደፊት፣ ዓለም ጤናን ሲያልፉ ነው» አሉና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ አስቸግረውህ ነው። በል አሁን ክፈተው፤ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ልስማ።»