የሸክም አጅር

ደግ ሰው ሲሳሳት ማረሙ ይከብዳል። ሐጂ ዋርፋ የሰፈሩ አውቶብስ ጣቢያ ማኅበር ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ያላሉት ነገር አይሠራም። ደግነታቸውም ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት ነው። መሄድ የተሳነው ተሳፋሪ ሲመጣ ጎረምሶች ጠርተው፣ አሸክመው በደረጃው ወደ መሳፈሪያው ያወጡታል።

አንድ ቀን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ የድሮ ወዳጃቸውን ወይዘሮ ሂባቅን በተሽከርካሪ ወንበር ከደጃቸው ጥላ ተቀምጠው አገኟቸው። ልጃቸው ኢፍቲን አጠገባቸው ነበረች፤ ምህንድስና ተምራለች።

«ሂባቅ፣ ምነው ጠፋሽ? ቀፊራ ገበያ ያላንቺ ቅመም አይሸትም እኮ» አሉ ሐጂ።

ወይዘሮ ሂባቅ ፈገግ አሉ። ኢፍቲን ሐጂን እንደ አጎት ጠርታ መለሰች። «አዴር፣ እስከ ረመዳን ካልተመለሰች የመደብ ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል። ከመሳፈሪያው ወደ አውቶብሱ ወለሉ እኩል ነው፤ የቸገራት ደረጃው ነው። ጎኑ ላይ ተዳፋት መውጫ ያሠሩልን። ለሴቶችም መጸዳጃ። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳንጠጣ ነው የምንጓዘው።»

«መጸዳጃውስ ይሁን። ለደረጃው ግን ልጆቼ አሉ አይደል? ሰው ሰውን መሸከም ከተወ፣ የአላህን ምንዳ፣ አጅሩን፣ ሲሚንቶ ሊወስደው ነው?»

ሐጂ ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ብዙዎቻችን ደግነታችንን የምንለካው በራሳችን ላብ ነውና አንፈርድባቸውም።

«አጅሩ የተሸካሚው ነው፣ አዴር። የተሸከማችሁትንስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

«ምን እጠይቃለሁ? አመስግነው ይሄዳሉ።»

ይኼኔ ወይዘሮ ሂባቅ ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ባዕድ ወንድ ብብቴን ይዞ ሲያነሣኝ፣ ቀሚሴ ሲገለጥ፣ ጣቢያው ሁሉ አየኝ። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ አልረግማቸውም። ግን ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ደጅ አላለፍኩም።»

ሐጂ ዋርፋ ቀዘቀዙ። ረዳት የሴት ትከሻ ነካ ብለው ሲቆጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ግን ታይቷቸው አያውቅም። በጣም አፈሩ።

«እንግዲህ የኔ አጅር ቀረ» አሉ ቀስ ብለው።

«ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ሰደቃ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አዴር? ደረጃውም እንቅፋት ነው።»

«ሐዬ፣ እሺ ልጄ። ይሠራል።»

ረመዳን ሳይገባ ተዳፋቱም መጸዳጃውም ተሠራ። ልጅ ያዘለች፣ ዕቃ በጋሪ የሚገፋ፣ ጉልበቱ የከዳው ሁሉ በተዳፋቱ ይወጣ ጀመር፤ ሴቶቹም ውሃቸውን ጠጥተው ይሳፈራሉ። ሐጂ ራሳቸው ደረጃውን ረስተውታል።

ወይዘሮ ሂባቅ ሥራ በሚጀምሩበት ቀን፣ ሐጂ ሊቀበሏቸው ከጣቢያው በር ላይ ቆመው ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ረፈደ። በመጨረሻ ትኬት ቆራጩን በሺርን «ሂባቅ ቀረች እንዴ?» አሉት።

«ኧረ ቀፊራ ደርሰዋል፣ ሐጂ። እኔም ትኬቱን ስቆርጥላቸው ነው ያየኋቸው።»

«ስትወጣ ማንም አላያትም?»

«ማንም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ዋርፋ።