ነጻ ማደሪያ ከነመብራቱና ከነውሃው

ከአዋሽ ብዙም በማትርቅ ሞቃት የባቡር ከተማ፣ ከለቅሶ ድንኳን አጠገብ በቆመች፣ አልጋና ምድጃ በተገጠመላት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ባልና ሚስት፣ ቃለአብና ትርሲት።

ትርሲት፦ ገመዱን ንቀለው አልኩህ።

ቃለአብ፦ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ድንኳን ውስጥ ያሉት ይሰማሉ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፍሪጁ ገና አልቀዘቀዘም። ሲመሽ እነቅለዋለሁ።

ትርሲት፦ የሟች ቤት መብራት ነው። ከድንኳኑ አምፖል ላይ ነው የቀጠልከው።

ቃለአብ፦ አስፈቅጄ ነው። የእድሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው የሰኩልኝ። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ይቺ ምን አላት አሉኝ። ውሃውንም ከሮቶው በባልዲ ያመላለሱልን እነሱ ናቸው፣ እኔ አልነካሁም።

ትርሲት፦ እያለቀስክ የገባህ ለቀስተኛ ነሃ፣ ምን ይበሉህ? ስልክህን አየሁት፣ ቃለአብ።

ቃለአብ፦ ስልኬን ለምን ትነኪያለሽ?

ትርሲት፦ የኔ ባትሪ ዘግቶብኝ እናቴ ጋ ልደውል ብዬ ነው። ስከፍተው ቴሌግራም ላይ የጀመርከው ጽሑፍ መጣ። ገና አልላክኸውም። ላንብብልህ?

ቃለአብ፦ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ።

ትርሲት፦ ግን በሰው አፍ ሰምተኸው አታውቅም። «በአነስተኛ ወጪ ለምትጓዙ፤ ነጻ ማደሪያ ከነመብራቱና ከነውሃው። በመንገድ ዳር ድንኳን ስታዩ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ሞጆ፦ መብራት አስተማማኝ፣ ውሃ በሮቶ፣ ምግብ በጣም ጥሩ፣ እስከ ሦስት ቀን መቆየት ይቻላል። መተሐራ፦ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ከንፍሮ በቀር ምግብ የለም፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እንቅልፍ ይነሳሉ።» ለመተሐራ ሁለት ኮከብ ነው የሰጠሃት። ለሞጆ አምስት።

ቃለአብ፦ ለቀልድ ነው እኮ የጻፍኩት። ጓደኞቼ እንዲስቁ።

ትርሲት፦ ሞጆ ላይ የሞተችው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጫማዋን ታቅፎ ነበር የተቀመጠው። አንተ ግን ምግቡን ነው ያየኸው።

ቃለአብ፦ ጫማውን እኔም አይቻለሁ።

ትርሲት፦ አይተህ ነው አምስት ኮከብ የሰጠኸው? ያኔ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እህት ናት አልከኝ። መተሐራ ላይ ደግሞ ሟቹ የአባትህ የድሮ ጓደኛ ሆኑ። እኔም ሞኟ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ከልቤ አለቀስኩ። ሰው ጉንጬን ስሞ ሲያጽናናኝ አሜን አልኩ። አሁን ሳስበው ቆዳዬን ልግፈፈው ልግፈፈው ይለኛል።

ቃለአብ፦ እንደዚህ አድርጌ አልጀመርኩትም። ስሚኝማ። የመጀመሪያው ቀን ነዳጅ ማደያው ግቢ ስናድር ትዝ ይልሻል? ከቧንቧው አንድ ጀሪካን ለምን ቀዳህ ብሎ ዘበኛው በጠዋት አባረረን። ሎጁ ደግሞ በራሳችን አልጋ፣ በራሳችን መኪና ውስጥ ለምንተኛው የሙሉ ክፍል ዋጋ ጠየቀን። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጡ አለ። ሞጆ ላይ ድንኳኑ ጋ የሄድኩት ውሃ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ንፍሮ ዘገኑልኝ። ማን ነህ ያለኝ ሰው የለም። ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ታውቂዋለሽ።

ትርሲት፦ አውቀዋለሁ። አንተም የገባህ እሱ ነው። በዚህ አገር ሳይቆለፍ የቀረ አንድ በር አለ፣ ለቅሶ ቤት። አንተ ደግሞ ሄደህ ክፍት መሆኑን ለቴሌግራም ልትነግር ነው።

ቃለአብ፦ በነጻ የበላሁ አታስመስዪው። እዚህም ሞጆም አግዳሚ ተሸክሜያለሁ፣ ድንኳን ወጥሬያለሁ። ትናንት አቶ ሽበሺን እስከ መቃብር ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ትከሻዬ ቆስሏል፣ እይው።

ትርሲት፦ አይቼዋለሁ። ሰነፍ ነህ አላልኩም።

ቃለአብ፦ ደግሞ ያንቺ ኢንሱሊን አለ። በዚህ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ምን ላድርገው?

ትርሲት፦ በኢንሱሊኔ አታመካኝ። ነርስ ነኝ፣ ቃለአብ። መብራት የሌላቸው ታማሚዎች እርጥብ አሸዋ ውስጥ በገንቦ እንደሚያስቀምጡት ከቤት ሳንወጣ ነግሬሃለሁ። ገንቦው መኪናዋን ገጠር ያስመስላታል ብለህ ያስጣልከኝ አንተ ነህ። እስቲ ፍሪጁን ክፈተው። አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን አለ፣ ስድስት ቢራ አለ። ለየትኛው ነው ያለቀስከው?

ቃለአብ፦ እሺ። ተሸነፍኩ። ጽሑፉን አጠፋዋለሁ፣ ገመዱንም እነቅላለሁ፣ ነገ ጠዋት ድሬዳዋ ገብተን በገንዘባችን ክፍል እንይዛለን። ይበቃል?

ትርሲት፦ ቦርሳዬን አየኸው?

ቃለአብ፦ አየሁት። ስሜት ላይ ሆነሽ ነው ያሰርሽው ብዬ ዝም አልኩ።

ትርሲት፦ አስር ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አውቶቡስ በዚህ ያልፋል። ስልኩን እንዳየሁ ወጥቼ መንገድ ዳር ልቆም ነበር። ያላደረግኩት ላንተ ብዬ አይደለም። የቀረሁት በእትዬ ብርቄ ምክንያት ነው።

ቃለአብ፦ የሟች ሚስት? ምን አሉሽ?

ትርሲት፦ መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ትናንት ከቀብር መልስ የእድሩ ሊቀመንበር፣ አቶ ደምመላሽ፣ ጥግ ወስደው ሲያነጋግሩህ ነበር። ምን ጠየቁህ?

ቃለአብ፦ ምንም። ሟችን እንዴት ታውቃቸዋለህ አሉኝ።

ትርሲት፦ አንተስ?

ቃለአብ፦ አቶ ሽበሺ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። የሥራ ባልደረባቸው ነኝ እንዳልል ዕድሜዬ አይፈቅድም። ድንኳን ውስጥ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ሰምቼ ነበር፣ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ሄደ የሚሉት።

ትርሲት፦ ምንተስኖት።

ቃለአብ፦ አዎ። ከልጃቸው ጋር እንተዋወቃለን አልኳቸው። እሱ ውጭ አገር ነው፣ መጥቶ አያጋልጠኝም ብዬ።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

ቃለአብ፦ ታዲያ አሁን የት ነው ያለው አሉኝ። እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ሳውዲ ልበል፣ ሌላ ልበል፣ እነሱ የሚያውቁትን አላውቅም። የምለው ሲጠፋኝ አቀረቀርኩ። ዝምታዬ ሲረዝም ደግሞ ሊጠረጥሩኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። በደንብ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ በቃ ልጄ፣ አትናገር፣ ገብቶኛል ብለው ተዉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ትርሲት፦ ምን እንደገባቸው አልገባህም?

ቃለአብ፦ ምንድነው የሚገባኝ?

ትርሲት፦ ከሩቅ አገር አንድ ሰው ሳይታሰብ ይመጣል። ማንም አያውቀውም። ልጁን አውቀዋለሁ ይላል። የት ነው ሲሉት አቀርቅሮ ያለቅሳል። ለቅሶ ደርሶ አይሄድም፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሁለት ቀን ይጠብቃል። ይሄ ሰው ምን ይዞ የመጣ ይመስልሃል?

ቃለአብ፦ ... መርዶ።

ትርሲት፦ መርዶ። የልጁን መርዶ ይዞ መጥቶ፣ ቤቱ በአባት ሐዘን ላይ ቢያገኘው መናገር ያቃተው ሰው ነህ። ከተማው በሙሉ እንዲህ ነው የሚያውቅህ። ምግብ ሲያቀርቡልህ የሚያጎነብሱልህ ለምን መሰለህ? አቶ ደምመላሽ ትናንት ማታ ዘመድ ሰብስበው መክረዋል። ነገ ሠልስት ነው፣ ከሠልስት በኋላ ዘመድ ይበተናል፣ ስለዚህ እናትየው በሰው መሀል እያለች ዛሬውኑ ይነገራት ብለዋል። ዛሬ ማለት አሁን፣ ካህኑ እንደመጡ።

ቃለአብ፦ አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?

ትርሲት፦ ምክሩን ከአቶ ደምመላሽ፣ ሌላውን ከእትዬ ብርቄ። እሳቸው ጓዳ ጠሩኝና በሩን ዘጉት። ልጃቸው ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የደወለው፣ ሁለተኛው ከአራት ዓመት በፊት። ሰው ሲንሾካሾክ አይተው ጠርጥረዋል። እጄን ያዙኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ባልሽ የልጄን ሬሳ በዓይኑ አይቷል፣ ወይስ ሲወራ ነው የሰማው?»

ቃለአብ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ያኔ ስልክህን ብቻ ነው ያየሁት፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። የኔም ዝምታ እንዳንተው ተቆጠረ። ወጥቼ ጓሮ ሄጄ የበላሁትን ንፍሮ በሙሉ አስመለስኩት። አንዲት ሴትዮ ጀርባዬን እያሸች፣ አይዞሽ፣ ባልሽም ከባድ ነገር ነው የተሸከመው አለችኝ።

ቃለአብ፦ እንሂድ። አሁኑኑ። ሞተሩን ላስነሳ፣ በዋናው መንገድ ከወጣን ማንም አያገኘንም።

ትርሲት፦ ሂድና እይ። መናገር አቅቶት ሸሸ ነው የሚሉት። ልጁ በዚያው ሞተ ማለት ነው። ድንኳኑን አያፈርሱትም፣ ነገ የሁለት ሰው ሠልስት ያደርጉታል። ምናልባት ልጁ የሆነ አገር ሰው ቤት እየሠራ ይሆናል፣ ምናልባትም በእውነት ሞቷል፣ አላውቅም። አንተም አታውቅም። አታውቅም፣ ቃለአብ።

ቃለአብ፦ ታዲያ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን ያምናሉ።

ትርሲት፦ ነግሬያለሁ። አቶ ደምመላሽ ጋ ሄጄ፣ ባሌ ልጁን ጨርሶ አያውቀውም፣ የተናገረው ውሸት ነው አልኳቸው። ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጎሽ ልጄ፣ ካህኑ እስኪመጡ እናትየውን እንደዚሁ እያልሽ ያዥልን አሉኝ።

ቃለአብ፦ እኔስ ብናገር ያው አይደለም? አዘነላት፣ ደበቀላት ነው የሚሉት።

ትርሲት፦ አላውቀውም ብቻ ካልክ አዎ። ለምን እንደመጣህ ከተናገርክ ግን ያምኑሃል። ሰው እናት ላጽናና ብሎ እንዲህ ያለ ነውር በራሱ ላይ አይፈጥርም።

ቃለአብ፦ አቶ ደምመላሽን ብቻ ለብቻቸው ወስጄ...

ትርሲት፦ ለብቻ የተነገረማ ተነግሮ አየነው። ለሴትየዋ ነው የምትናገረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቃለአብ፦ ይደበድቡኛል።

ትርሲት፦ ሊሆን ይችላል። ፋሻ አለኝ።

ቃለአብ፦ የምትቀልጂው ተጠይፈሽኝ ነው።

ትርሲት፦ አዎ፣ ተጠይፌሃለሁ። ትናንት አቅፈኸኝ ተኝተሃል፣ የእጣኑ ሽታ አሁንም ሸሚዝህ ላይ አለ፣ ቀርቤ ማሽተት አልቻልኩም። ክፉ ሰው ነህ ግን አልልህም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፣ አውቶቡሱ አያመልጠኝም ነበር። አንተ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ምንም አይደለም የምትል ሰው ነህ። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ መብራት፣ ትንሽ እንባ።

ቃለአብ፦ ብናገር አብረሽኝ ትቀጥያለሽ?

ትርሲት፦ ይሄን አትጠይቀኝ። ለእውነቱም ዋጋ አወጣህለት ማለት ነው።

ቃለአብ፦ አይደለም። እሺ፣ አልጠይቅም።

ትርሲት፦ መጋረጃውን ግለጠው። ምን ይታይሃል?

ቃለአብ፦ ካህኑ መጥተዋል። አቶ ደምመላሽ ጎንበስ ብለው እያነጋገሯቸው ነው። እትዬ ብርቄን አውጥተው አግዳሚው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ሁለት ሴቶች ከኋላቸው ቆመዋል።

ትርሲት፦ ለምን እንደቆሙ ታውቃለህ?

ቃለአብ፦ ሲወድቁ ሊይዟቸው።

ትርሲት፦ ነጠላቸውንም ወገባቸው ላይ አስረዋል። በሩን ክፈተው፣ ከዚህም ይሰማል። እኔ ከኋላህ ነኝ፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ቃል የምገባልህ።

ቃለአብ፦ አባ፣ ይቆዩኝ። እትዬ ብርቄ፣ ወደ እኔ ይመልከቱ። እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም፣ ልጅዎንም አይቼው አላውቅም። ባለቤትዎንም ያወቅኳቸው ሬሳቸውን ስሸከም ነው። እዚህ የቆምኩት ለመኪናዬ ነጻ ማደሪያ፣ መብራትና ውሃ ፈልጌ ነው፤ ያለቀስኩትም እንዳታስነሱኝ ነው።